ይሄን ፊቸር የምንሠራው ለምንድን ነው? ሪኳየርመንትን (መስፈርትን) ከቢዝነስ ግብ ጋር በካርታ ማያያዝ

ባክሎጋችሁን፣ ማለትም ገና ያልተሠሩ ሥራዎች የተደረደሩበትን ሊስት፣ ክፈቱ። ከመሃል አንዱን ሥራ ዝም ብላችሁ ምረጡና አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው «ይሄን የምንሠራው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ደንበኛው ስለጠየቀ» ወይም «ሊስቱ ላይ ስላለ» ካላችሁ አትፍረዱበት። ምክንያቱ የትም ቦታ ስላልተጻፈ ነው።

አንድ ጊዜ ከቡድኔ ጋር አንድ ዳሽቦርድ ስንሠራ ሦስት ወር ከረምን። 14 ግራፍ ነበረው። እያንዳንዱ ግራፍ ሰነድ ላይ በዝርዝር ተጽፏል፣ ተፈርሞበታል፣ ቴስት ተደርጓል። ሲወጣ ተጨበጨበልን። ከወር በኋላ ሎጉን ስናየው ገጹን የሚከፍቱት እኛው ራሳችን ነበርን፣ ያውም መሥራቱን ለማረጋገጥ። ሰነዱ ውስጥ ስህተት አልነበረም፣ የተጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል። «ይሄን ግራፍ ያየ ሰው ከዛ በኋላ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

200 መስመር ያለው የኤክሴል ሊስት ትልቁ ጣጣው ሁሉንም ነገር እኩል ማስመሰሉ ነው። 17ኛው መስመር ድርጅቱን ከኪሳራ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል፣ 18ኛው ደግሞ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ አፉ ላይ የመጣለትን የተናገረው፤ ሊስቱ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ፎንት፣ በአንድ ዓይነት ሳጥን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካርታ ላይ ግን ምን ከምን ላይ እንደተንጠለጠለ በዓይን ይታያል። አየር ላይ የቀረውም ይታያል።

አራት ደረጃ፣ አራት ጥያቄ

የካርታ ዓይነት ብዙ ነው። ለዚህ ሥራ እኔ የምጠቀመው ኢምፓክት ማፕ የሚባለውን ነው። ጎይኮ አድዚች የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መጽሐፍ በሰፊው ታወቀ፣ መነሻው ግን ከዛ በፊት ስዊድን ውስጥ ይሠራበት የነበረ ተመሳሳይ ዘዴ ነው። ሲሳል ማይንድ ማፕ (ከአንድ ሐሳብ ተነስቶ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ሥዕል) ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ደረጃዎቹ የታወቁ መሆናቸው ነው። ከግራ ወደ ቀኝ አራት ጥያቄ ይመልሳል፦ ለምን? ማን? ያ ሰው ምን ለየት አድርጎ ያደርጋል? እኛስ ምን እንሥራለት?

አብዛኛው ድርጅት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አያጣም። ኃላፊው «ገቢ ይጨምር» ይላል፣ ዲቨሎፐሩ «በተን ይጨመር» የሚል ትኬት (የሥራ ማዘዣ) ይደርሰዋል። የሚጎድለው መሃሉ ነው። በተኑ ገቢን የሚጨምረው በማን በኩል ነው? ያ ሰው ምን አድርጎ? ዳሽቦርዳችን የሞተው እዚሁ መሃል ላይ ነው።

ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሂድ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም እየሠራን ነው እንበል። ክሊኒኩን የቸገረው ሰዎች ቀጠሮ ይይዙና ይቀራሉ። ሐኪሙ ባዶ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ታካሚ ደግሞ ቦታ የለም ተብሎ ይመለሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ካርታውን ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ አትሥሩት። በጣም የሚያምር ካርታ ይወጣችሁ ይሆናል፣ የሚያምንበት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ገንዘቡን የሚወስነው ሰው የግድ ይገኝ። ከደንበኛ ጋር በየቀኑ የሚያወራው ይኑር (በእኛ ምሳሌ ሪሴፕሽኒስቷ ናት፣ እመኑኝ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት)። የሚሠራው ዲቨሎፐርና ቴስት የሚያደርገውም ይግቡ። ከአሥር ሰው በላይ ከሆነ ስብሰባ ሆነ ማለት ነው፣ ሁለት ሰው ያወራል ሌላው ስልኩን ይነካካል።

ዕቃው ቀላል ነው። ነጭ ሰሌዳ ወይም ባዶ ግድግዳ፣ ስቲኪ ኖት፣ ማርከር። ማርከሩ ወፍራም ይሁን፣ በቀጭን እስክሪብቶ ሰው አንቀጽ መጻፍ ይጀምራል። በርቀት የምትሠሩ ከሆነ ሚሮ ወይም ድሮው አይኦ ይበቃል፣ ኤክስማይንድም ይሆናል። መሣሪያ ስትመርጡ ቀን አታባክኑ። ሁለት ሰዓት መድቡ።

ግቡ ላይ ቆዩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እዚህም እንደዛው ነው። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ አርባ ደቂቃውን ግቡ ቢበላው አልከፋም።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ግብ አይደለም። «አዲስ አፕ ማውጣት»፣ «ሲስተሙን ማዘመን»፣ «ዲጂታል መሆን»። እነዚህ ሥራዎች ናቸው። «አፑ ወጣ እንበል፣ ከዛስ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሰው በስልኩ ቀጠሮ ይይዛል።» ከዛስ? «ሪሴፕሽን ላይ ወረፋ ይቀንሳል።» ከዛስ? እዚህ ላይ አንድ ሰው ትንሽ ዝም ይልና «እውነቱን ለመናገር እኛን የሚጎዳን ወረፋው አይደለም፣ ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩት ናቸው» ይላል። አገኛችሁት። ያቺን ዝምታ ጠብቁ፣ ቶሎ ብላችሁ በወሬ አትሙሏት።

ከዛ ቁጥር አስገቡ። ምን ይለካል፣ ከየት ይነበባል፣ ዛሬ ስንት ነው፣ መቼ ስንት ይሁን? «ከ100 ቀጠሮ ዛሬ 20 ሰው ይቀራል፣ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 10 ይውረድ፣ የሚነበበው ከቀጠሮ መዝገቡ ነው።» የዛሬው ቁጥር የማይታወቅ ከሆነ አትገምቱ። የመጀመሪያው ሥራችሁ መለካት ሆነ ማለት ነው፣ ብዙ ቡድን ይሄን ሲሰማ ይከፋዋል ግን ሌላ መንገድ የለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። ማንኛውም ቁጥር በተንኮል ሊመታ ይችላል። አንድ ጊዜ የቀረን ሰው ዳግመኛ ቀጠሮ አንሰጥም ብንል ቀሪዎቹ ይቀንሳሉ፣ ክሊኒኩ ግን ታካሚ ያጣል። ስለዚህ ከግቡ አጠገብ አንድ የጥበቃ ቁጥር ለጥፉ፦ «በወር የሚያዘው ቀጠሮ ቁጥር ከዛሬው መውረድ የለበትም።»

በአንድ ካርታ አንድ ግብ ብቻ። ሦስት ግብ ካላችሁ ሦስት ካርታ ሥሩ።

«ተጠቃሚ» የሚባል ሰው የለም

ሁለተኛው ደረጃ ላይ «ተጠቃሚ» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ወረቀቱን በትህትና መልሱለት። የትኛው ተጠቃሚ? ከሦስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ይዞ የረሳው? በየሳምንቱ የሚመጣው? እናቱን ይዞ የሚመጣው ልጅ? ይሄኛው እኮ ራሱ ታካሚ አይደለም፣ ግን እሱ ሥራ ከያዘው እናቱ ትቀራለች። አስታዋሽ መልእክት የምንልከው ደግሞ ለእናቱ ስልክ ነው። አያችሁ? ገና ፊቸር ሳናወራ አንድ ሪኳየርመንት ተገኘ።

ነገሩን የሚያበላሹትንም ጻፉ። ለምሳሌ የቀጠሮ ሰዓቱን በመጨረሻው ሰዓት የሚቀይር ሐኪም፤ ወይም «አንዱ ይሆነኛል» ብሎ ሦስት ቀጠሮ የሚይዝ ታካሚ። ካርታው ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ደጋፊ አይደለም።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ጨዋታው ያለበት

እዚህ የሚጻፈው ያ ሰው ከዛሬ ለየት አድርጎ የሚያደርገው ነገር ነው። ግስ ይፈልጋል፣ ባለቤት ይፈልጋል። «አስታዋሽ ኤስኤምኤስ ይደርሰዋል» አይሆንም፣ ምክንያቱም እሱ ምንም አላደረገም፣ ያደረግነው እኛ ነን። «መምጣት ካልቻለ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሰርዛል» ይሆናል።

መፈተኛዬ ይቺ ናት፦ ሶፍትዌር የሚባል ነገር ባይፈጠር ኖሮ ይሄ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ይሰጥ ነበር? «ከአንድ ቀን በፊት ይሰርዛል» ይሰጣል፣ በስልክ ደውሎ ወይም በአካል መጥቶም ሊሰርዝ ይችላል። «ኖቲፊኬሽኑን ይከፍታል» አይሰጥም። በተን፣ ስክሪን፣ ሎግኢን የሚሉ ቃላት እዚህ ደረጃ ላይ ከታዩ ሰውዬው መፍትሔውን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደብቆ አስገብቷል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉትና «ይሄን ቢያገኝ ምን ያደርጋል?» በሉ።

ሰው እዚህ ይደክመዋል። የለመድነው መፍትሔ ማውራት ነዋ። ዲቨሎፐሮች ሰዓት ያያሉ፣ ኃላፊው «ግልጽ ነው እኮ፣ እንቀጥል» ይላል። ግልጽ ከሆነ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም በሏቸው። ካልቻሉ ግልጽ አልነበረም።

ከዛ በኋላ ምን እንሥራ

አራተኛው ደረጃ ቀላሉ ነው፣ ሐሳብ እንደ ጉድ ይዘንባል። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ሶፍትዌር መሆን የለበትም። ሪሴፕሽኒስቷ ጠዋት አሥር ሰው ጋር መደወሏም አንድ መፍትሔ ነው፣ ርካሽም ነው። የምሳሌያችን ካርታ በጽሑፍ ሲቀመጥ ይሄን ይመስላል፦

ግብ፦ ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩት ከ100 ከ20 ወደ 10፣ በ6 ወር
— ታካሚ
—— መምጣት ካልቻለ ከአንድ ቀን በፊት ይሰርዛል
——— አስታዋሽ ኤስኤምኤስ፣ ውስጡ የመሰረዣ ሊንክ ያለው
——— ሪሴፕሽን ትደውልለታለች
— ታካሚውን ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ
—— ቀኑን አስቀድሞ ከሥራው ጋር ያመቻቻል
——— ሁለተኛ ስልክ ቁጥር መመዝገብ
— ሪሴፕሽኒስት
—— የተለቀቀውን ሰዓት በዛኑ ቀን ለሌላ ሰው ትሰጣለች
——— የተጠባባቂ ሊስት
— ሐኪም
—— የማይገኝበትን ቀን ከሳምንት በፊት ያሳውቃል
——— የሐኪም ካላንደር፣ ወይም ለጊዜው ግድግዳ ላይ ወረቀት

የሪሴፕሽኒስቷን ቅርንጫፍ እንደገና እዩት። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የተለቀቀን ሰዓት ለሌላ ሰው መስጠት የሚቀሩትን ቁጥር አይቀንስም። ባዶ ሰዓቱን ነው የሚቀንሰው። ታዲያ ግባችን በትክክል የትኛው ነው? ይሄን ክርክር ያመጣው አንድ መስመር ነው። ወይ ግቡን «በከንቱ የሚያልፍ የሐኪም ሰዓት» ብለን እንቀይራለን፣ ወይ ቅርንጫፉን እንቆርጠዋለን። እኔ ብሆን ግቡን እቀይር ነበር። ሰነድ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ነገር ወራት አልፎ፣ ብር ወጥቶ ነው የሚታየው።

መስመሮቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ካርታው ሲያልቅ ሰው ፎቶ አንስቶ መሄድ ይፈልጋል። አቁሙት። እያንዳንዱን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ «ብለን እንገምታለን» እያላችሁ አንብቡት። «የመሰረዣ ሊንክ ብንልክ፣ ታካሚው ከአንድ ቀን በፊት ይሰርዛል ብለን እንገምታለን። ከአንድ ቀን በፊት ከሰረዘ በከንቱ የሚያልፈው ሰዓት ይቀንሳል ብለን እንገምታለን።» ሳጥኖቹ ለዓይን ይሞላሉ እንጂ የምትወራረዱት መስመሮቹ ላይ ነው። ማስረጃ ያለውን መስመር በጥቁር፣ የሌለውን በቀይ አስምሩ። የመጀመሪያ ካርታችሁ ከሆነ አብዛኛው ቀይ ይሆናል፣ አትደንግጡ።

ከዛ አንድ መንገድ ምረጡ። ልብ በሉ፣ አንድ ደረጃ ሳይሆን አንድ መንገድ፣ ከግቡ እስከ ሥራው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነጥብ ስጡና ድምፅ ይስጥ፣ ግን የመጨረሻ ውሳኔ የገንዘቡ ባለቤት ይሁን።

ቀዩን መስመር ሳትገነቡ መፈተን ከቻላችሁ ፈትኑት። ሊንኩን ከመሥራታችሁ በፊት ሪሴፕሽኒስቷ ለሁለት ሳምንት በእጇ መልእክት ትላክ፦ «ነገ ቀጠሮ አለዎት፣ መምጣት ካልቻሉ በዚህ ቁጥር ያሳውቁን።» ሰዉ ከመለሰ ጥሩ። ካልመለሰ ደግሞ ማንም የማይነካውን ሊንክ ከመገንባት ዳናችሁ።

ቀድሞ የተሞላ ባክሎግ ካላችሁስ?

አብዛኞቻችን ከባዶ አንጀምርም። ሊስቱ አለ፣ የተስማማንበት ሰነድ አለ። ያን ጊዜ ግቡን፣ ሰዎቹንና የሚያደርጉትን እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ሊስቱን ሳታዩ ሥሩ። ሊስቱን ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ላሉት ፊቸሮች ሰበብ ፍለጋ ነው የሚሆነው፣ ሰው ደግሞ ሰበብ አያጣም። ከዛ ባክሎጉን አምጡና እያንዳንዱን ሥራ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉት።

አንዳንዱ ወዲያው ቦታውን ያገኛል። አንዳንዱ የሚሰቀልበት ያጣል፣ እሱን ሰሌዳው ጥግ ላይ ለብቻው ሰብስቡት፣ ገና አትጣሉት። ሌላው ደግሞ ግዴታ ነው፦ የሕግ ጉዳይ፣ የታካሚ መረጃ ጥበቃ፣ የመሳሰለው። ይሄን በግድ «ገቢ ይጨምራል» ብላችሁ አታጣሙት። የራሱ ሥር አለው፣ ለብቻው ትንሽ ካርታ ሥሩለት።

ፍጥነትና መሰል መስፈርቶችስ? እነሱ ቅርንጫፍ ሳይሆን መስመሩ ላይ ነው የሚቀመጡት። ገጹ በደካማ ኔትወርክ ካልተከፈተ ታካሚው አይሰርዝም። ስለዚህ «የመሰረዣው ገጽ ቀላል ይሁን» የሚለው መስፈርት በሊንኩና በመሰረዙ መካከል ባለው መስመር ላይ ይለጠፋል። እንዲህ ሲታይ ለምን ፍጥነት እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ስብሰባ አያስፈልግም።

የአለቃ ፊቸር የሚባለውም አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊት ለፊት «አይጠቅምም» አትበሉ። ማርከሩን ስጡትና «እስቲ የቱ ጋር እናገናኘው?» በሉ። አንዳንዴ ያገናኘዋል፣ እናንተ ያላያችሁት ምክንያት ነበረው። አንዳንዴ ደግሞ ማርከሩን ይዞ ይቆማል፣ ከዛ ራሱ «ለጊዜው ይቆየን» ይላል። አንዳንዴ ምንም አያገናኝምና «ብቻ ሥሩት» ይላል። ያኔ ትሠራላችሁ። ቢያንስ ያለ መስመር እንደተሠራ ሰሌዳው ላይ ይታያል።

ወደ ትኬት ስታወርዱት

ግድግዳ ላይ ብቻ የቀረ ካርታ በሁለት ሳምንት ይረሳል። ሥራ ለመከታተል ጂራም ተጠቀሙ ሌላ፣ አንድ ለውጥ አድርጉ፦ የኤፒኩን (ብዙ ትኬቶችን በአንድ የሚይዘውን ትልቁን ሥራ) ስም የፊቸር ስም አታድርጉት፣ የሦስተኛውን ደረጃ ዓረፍተ ነገር ስጡት። «ኤስኤምኤስ ሞጁል» የነበረው «ታካሚ ከአንድ ቀን በፊት ይሰርዛል» ይሁን። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን «ሞጁሉ አልቋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ሰው እየሰረዘ ነው ወይ?» ወደሚል ይቀየራል። ኤፒኩ ኮዱ ስላለቀ ብቻ አይዘጋም።

የተመረጠው መንገድ ሰፊ ከሆነና ስንት ስክሪን፣ ስንት ደረጃ እንዳለው ካልጠራላችሁ እሱን ብቻ አውጥታችሁ ስቶሪ ማፕ ሥሩለት፦ ሰውዬው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየደረጃው የሚያስፈልገው ከላይ ወደ ታች፣ መጀመሪያ የሚወጣው ከላይ። ለሙሉው ካርታ አትሥሩት፣ ገና ያልተመረጠ ቅርንጫፍ መዘርዘር የከንቱ ድካም ነው።

ከወጣ በኋላ ሁለት ነገር እዩ። ሰዉ የሚያደርገው ተቀየረ ወይ? ግቡ ተንቀሳቀሰ ወይ? ድርጊቱ ካልተቀየረ የሠራነው ነገር አልሠራም፣ ሌላ መፍትሔ እንሞክራለን። ድርጊቱ ተቀይሮ ግቡ ካልተንቀሳቀሰ ግን ነገሩ ይለያል። ሰዎች ይሰርዛሉ፣ የሐኪሙ ሰዓት ግን ያው ባዶ ነው፣ ምክንያቱም የተለቀቀውን የሚወስድ የለም። ሊንኩን ማሳመር እዚህ ምንም አይረዳም። ቅርንጫፉን ትታችሁ ወደ ተጠባባቂው ሊስት ሂዱ። በየሁለት ሳምንቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ካርታው ፊት ቆማችሁ ይሄን ብቻ ተነጋገሩ። የሞተውን ቅርንጫፍ አትንቀሉት፣ በቀይ ሰርዙትና ቀን ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የመጣ ሰው ያንኑ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ታሳዩታላችሁ።

ስህተት ማስተካከል ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ወይም ዳታ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ እያዛወራችሁ ከሆነ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ሥሩትና ጨርሱ።

ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ ሠርታችሁ ግቡ ቢመታስ? ቁጥሩ የተፈለገው ቦታ ላይ ደረሰ እንበል፣ ካርታው ላይ ግን ገና አምስት ያልተነካ ቅርንጫፍ አለ። አቁሙ። ይሄ ነው ሰው የማይዋጥለት። ዲቨሎፐሩ የጀመረው ዲዛይን አለው፣ ኃላፊው ቃል የገባበት ፊቸር አለው፣ ሁሉም «እሱንም እንጨርሰው» ይላል። ግን እነዛ ቅርንጫፎች የተሳሉት ለዚህ ግብ ነበር፣ ግቡ ደግሞ ተመቷል። ካርታውን ፎቶ አንሱት፣ ወረቀቶቹን ከግድግዳው ላይ አውርዱ፣ የተረፉትን ስቲኪ ኖቶች ወደሚቀጥለው ካርታ ይዛችሁ አትሂዱ። የእውነት የሚያስፈልጉ ከሆነ ከአዲሱ ግብ ተነስታችሁ ስትሄዱ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ።